አባቴ ባቄላ የጀመሩ ሰሞን

አባቴ ስኳር እንዳለባቸው የተነገራቸው ፍኖተ ሰላም እኔን ሊጠይቁ በመጡበት ሰሞን ነው። ከቡሬ ገጠር ሲመጡ «እግሬ ይደነዝዘኛል» ይሉ ስለነበር፣ እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። መድኃኒቱን ሳያንገራግሩ ተቀበሉ። ነገር የመጣው ስለ አመጋገብ የምትመክረዋ ወጣት ነርስ ክፍል ስንገባ ነው።

«አባባ፣ ከእንግዲህ ሥጋና ቅቤው ይቀነስ። ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ አተር ያዘውትሩ። ሰውነት የሚገነባው ፕሮቲን እነሱም ውስጥ አለ» አለቻቸው።

አባቴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። በአገራቸው ሠርግ በሆነ ቁጥር የሚጠሩ፣ የታረደውን በሬ የሚበልቱ ብልት አውጪ ናቸው፤ ሥጋ የሌለበት ገበታ ለሳቸው ገና ያልቀረበ ገበታ ነው።

«ልጄ፣ ባቄላ እንደ በሬ ከሆነማ እስቲ ጠምደሽ አርሰሽ አሳይኝ።»

«በሬውስ ምን በልቶ ነው የሚያርስ አባባ? የባቄላ ገለባ አይደል?»

አባቴ ወደ እኔ ዞር ብለው «ይህች የማን ልጅ ናት?» አሉኝ። በሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ነርሷ ቀጠለች። ጥራጥሬ ውስጥ ያለው አሰር ስኳሩ ወደ ደም ቀስ እያለ እንዲገባ ያደርጋል፣ ሆድም ያለሰልሳል። ምስር ላይ ሎሚ ጠብ ቢደረግበት ደግሞ ሰውነት ብረቱን በደንብ ይወስደዋል።

«ብረት?» አሉ አባቴ ደንግጠው።

«የማረሻው አይደለም አባባ።»

በመጨረሻም ባቄላው ተዘፍዝፎ እንዲያድር፣ ውሃው ተደፍቶ በሌላ ውሃ እንዲቀቀል፣ በጥቂት በጥቂቱም እንዲጀምሩት አስጠነቀቀች።

አባቴ የመጨረሻውን አልሰሙም። ሲጀምሩ ደግሞ ግማሽ የሚባል ነገር አያውቁም። ጠዋት የባቄላ ንፍሮ፣ ምሳ ላይ ምስር፣ ከሰዓት የሽምብራ ቆሎ፣ ማታ ሽሮ። ቆሎውን ራሳቸው ነበሩ የሚቆሉት። የባቄላውን ውሃ ልደፋ ስል ድስቱን ከእጄ ይነጥቁኛል። «ጉልበቱ ያለ እዚህ ውስጥ ነው! እሱን ነው የምትደፊው?» ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፋ።

በዚያው ሰሞን የዘመድ ሠርግ ነበረና ወደ ቡሬ ሚኒባስ ተሳፈርን። የማለዳው ብርድ ያስቸግር ስለነበር መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። ገና ከከተማው ሳንርቅ አባቴ ከመቀመጫቸው በቀስታ ወደ አንድ ጎን ዘንበል አሉ። ድምፅ አልነበረውም። ጥቂት ቆይቶ ግን የተሳፋሪው ወሬ በአንዴ ቀጥ አለ። ረዳቱ የጫማውን ሶል ገልብጦ አየ። አንድ ወጣት ሹራቡን እስከ ዓይኑ ሳበ። እኔም ከአባቴ ጋር እንዳልመጣሁ ሁሉ ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ።

ከኋላችን የተቀመጡ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ በጨዋ ድምፅ «ምነው፣ የዛሬው ነፋስ ከወዴት ነው የመጣ?» አሉ።

አባቴ ፊታቸውን ሳያዞሩ «የቆላው ነው፣ እመት» ሲሉ መለሱ።

ሴትዮዋ ቃሉን በልባቸው አገላበጡት። የቆላው፣ ከቆላ አገር የነፈሰው። የቆላው፣ ሰውዬው በምጣድ ላይ ያመሰው። ገባቸው።

«እንግዲያማ የቆላው ሰው መስኮቱን ይክፈትልን!»

መኪናው በሳቅ አውካካ። ሾፌሩ እንኳን መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። አባቴ መስኮቱን እየከፈቱ ዕንባቸው እስኪወርድ ሲስቁ፣ እኔ ብቻ ጆሮዬ እንደጋለ ቡሬ ደረስኩ።

ከሠርጉ ፍኖተ ሰላም እንደተመለስን አባቴ ለማንም ሳይናገሩ ባቄላ ዘፈዘፉ። ጠዋት ውሃውን ደጅ ሲደፉ እንዳየኋቸው ሲያውቁ፣ «ነርሷን ሰምቼ አይደለም፤ ውሃው ቆሽሾ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሆዳቸው ሰላም አገኘ። ቆይተው ለምርመራ ሲመለሱም ስኳራቸው ወርዶ ተገኘ። ነርሷ ደስ ብሏት፣ መድኃኒቱንም እንዳይተዉ አጥብቃ ነገረቻቸው።

አገራቸው ሲገቡ ግን ሰባኪ ሆነው አረፉት። ጎረቤቱን ሁሉ እያስቆሙ «እንጀራው የሚጎድለውን ፕሮቲን ሽሮው ይሞላዋል፤ ጓያ ግን አታብዙ፣ እግር ይይዛል» ይላሉ።

የፋሲካ ዕለት እናቴ ዶሮውን አቅርባ ሳትጨርስ «ሽሮ የለም?» ብለው ጠየቁ። ጭልፋዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«በየዓመቱ በሁዳዴ ሽሮ ባቀረብኩ ቁጥር ፊትዎን ሲያዞሩ ኖረው፣ ዛሬ በፋሲካ!»

እያጉረመረመች ሠርታ አቀረበችላቸው። አባቴ ገና ሁለቴ እንደጎረሱ የነፍስ አባታቸው ቤቱን ሊባርኩ ገቡ። ሽሮውን ሲያዩ መስቀላቸውን እንደያዙ ቆሙ።

«ምነው፣ በዚህ ቀን ይህን የመሰለ ቀኖና ማን ሰጠዎ?»

«ነርሷ ናት አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታዎ» አሉና ወደ ዶሮው ተጠግተው ተቀመጡ።