እየደከማቸው የጠበቁት እህት ወርቅነሽ

እህት ወርቅነሽ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ቪንተርቱር ከተማ ባለ ሆስፒታል፣ ልጃቸው ሜሮን እጃቸውን እንደያዘች፣ ወደሚወዱት ጌታ ሄደዋል። ይህን የምጽፈው በጄኔቫም በዙሪክም ለምታውቋቸው ሁሉ ነው። አሳምሬ ለመጻፍ አቅም የለኝም፤ ደክሞኛል። እርሳቸው ግን የደከመ ሰው አይንቁም ነበርና ይቅር ይሉኛል።

ወደዚህ አገር የመጡት የአንድ ዲፕሎማት ቤት ሠራተኛ ሆነው ነው። ጄኔቫ ስምንት ዓመት ምግብ አበሰሉ፣ ልብስ ተኮሱ፣ የሰው ልጆች አሳደጉ። የራሳቸው ልጅ ሜሮን በአራት ዓመቷ አዳማ አክስቷ ዘንድ ቀርታ ነበር። በስምንቱ ዓመት ሁለት ጊዜ ሄደው አይተዋታል። ለሦስተኛው ጉዞ ሲሰናዱ አሠሪዎቻቸው ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ፤ በእነርሱ ምክንያት የተሰጣቸው ፈቃድም አብሮ አበቃ። እዚያው ጄኔቫ፣ ሊኞን በሚባል ሰፈር የምትኖር አንዲት የአገራቸው ልጅ ሳሎኗ ውስጥ አስጠጋቻቸው። ከዚያ ወደ ዙሪክ መጥተው የመኖሪያ ፈቃድ ጠየቁ። መልሱን ሰባት ዓመት ጠበቁ። ሳይፈቀድላቸው ከወጡ መመለስ ስለማይችሉ፣ ሰባቱን ዓመት ልጃቸውን አላዩም።

እኔ ያወቅኋቸው በዚያ መካከል ነው። የራሴን የፈቃድ ጉዳይ ልጠይቅ ወደ ስደተኞች ቢሮ ሄጄ ለሦስተኛ ጊዜ «ደብዳቤ ይላክልሻል» ተብዬ፣ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ከተቀመጥኩበት መነሣት አቅቶኝ ነበር። እርሳቸው ሌላ ሰው አጅበው መጥተው ኖሮ አጠገቤ ተቀመጡ። ስለ ጉዳዬ አልጠየቁኝም።

«በልተሻል?» አሉኝ።

አልበላሁም ነበር። ከቦርሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አወጡ፤ እንቁላሉን ራሳቸው ላጡልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ይሉኝ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት የእረፍት ቀናቸው የሚያልፈው በዚህ ነበር፤ ቢሮ የሚፈራ፣ ቋንቋ የሚያስቸግረው፣ ብቻውን መጠበቅ ያቃተው ሰው ካለ አብረውት ይቀመጣሉ። «ይሳካልሻል» ሲሉ ግን አንድም ቀን አልሰማኋቸውም። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «የማላውቀውን በጌታ ስም አልናገርም። አብሮሽ እንደሚቀመጥ ግን አውቃለሁ» አሉኝ።

ፈቃዳቸው የመጣው ሜሮን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከሞላት በኋላ ነው። ወዲያው ልጃቸውን ለማምጣት አመለከቱ። ዕድሜዋ አልፏል ተብሎ ተመለሰ። በዚያ እሑድ ከጉባኤያችን ቀሩ፤ ከዚያ በፊት ቀርተው አያውቁም። ዙሪክ አጠገብ ሽሊረን ወዳለው ቤታቸው ብሄድ ልብስ ሲተኩሱ አገኘኋቸው። መዘመር እንዳልቻሉ፣ ይህንንም ከጌታ እንዳልደበቁት ነገሩኝ።

በሚቀጥለው እሑድ መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ምስጋና ያለው እንዲናገር ዕድል ሲሰጥ ተነሡ። ሁላችንም አጎነበስን፤ ምን እንደሚሉ ፈርተን ነበር።

«እግዚአብሔር ዘገየ አልልም» አሉ። «ደከመኝ ግን እላለሁ። ለእርሱ ደከመኝ ካላልኩ ለማን ልበል? ደክሞኝም ቢሆን ከእርሱ ሌላ ተስፋ የለኝም።» ብለው ተቀመጡ።

በዚያው ዓመት አዳማ ሄዱ። ሦስት ሳምንት ቆይተው ሲመለሱ ስለ ጉዞው ብዙ አላወሩም። እየቆየ ነው የነገሩኝ፤ ሜሮን በአክብሮት ተቀብላ፣ አልጋዋን ለቃ፣ ቁርስ አቅርባ አስተናግዳቸዋለች፤ የምታናግራቸው ግን «እርስዎ» እያለች ነበር። አክስቷን «አንቺ» ትላታለች፣ እናቷን «እርስዎ»። እኔ በልጅቷ ተናደድኩ። እርሳቸው ገሠጹኝ።

«ሰባት ዓመት ሙሉ ትመጣለች እያለች ጠበቀችኝ። አሁን የመጠበቅ ተራው የእኔ ነው።»

አራት ዓመት በየቅዳሜው ደወሉላት። ብዙውን ጊዜ ንግግሩ አጭር ነበር፤ ስለ ጤና፣ ስለ አየር፣ ስለ ትምህርቷ። ስልኩን ሲዘጉ ለጥቂት ጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ፤ ከዚያ ተነሥተው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። የሚሠሩት የሆስፒታል አንሶላ በሚታጠብበት ድርጅት ስለነበር ቀኑን ሙሉ ሲያጥፉ ይውሉ ነበር። ትከሻቸው ታሞ ነበር። እምነታቸው ድካማቸውን አላነሣላቸውም፤ ተሸክመውት ነው የሄዱት።

በኋላ ሆዳቸውን ታመሙ፤ ሕመሙ ከቆሽታቸው መሆኑ ሲታወቅ የቀራቸው ጊዜ አጭር ነበር። ሐኪሙ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሜሮን ቪዛ አገኘች። ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብያት በባቡር ወደ ቪንተርቱር ስንሄድ መስኮቱን እያየች «ምን እንደሚወዱ እንኳ አላውቅም» አለችኝ። የማውቀውን ነገርኳት።

ሁለት ቀን አልጋው አጠገብ እንደ እንግዳ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እህት ወርቅነሽ በዚያ በከሳ እጃቸው የአንሶላውን ጫፍ ለማጠፍ ሲታገሉ ሜሮን ተነሥታ እጃቸውን ያዘች።

«ተይው እማዬ፣ እኔ አጥፈዋለሁ» አለች።

ምናልባት ራሷም አላስተዋለችውም። ልጅቷ ውኃ ልታመጣ ስትወጣ እህት ወርቅነሽ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰማሽ?» አሉኝ።

«ሰማሁ» አልኩ። ፊታቸውን በአንሶላው ሸፈኑ። ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ኖሩ፤ እናትና ልጅ አምስቱንም ቀን አወሩ።

ለአምስት ቀን ይህን ሁሉ ዓመት መጠበቅ ለምን እንዳስፈለገ እኔ አላውቅም። አውቃለሁ ብዬ ብጽፍ እርሳቸው አይወዱልኝም ነበር።

እህት ወርቅነሽ፣ እናቴ፣ ደክመን ነው የምንሸኝዎ። ሰሞኑን ጸሎቴ አጭር ነው፤ ደከመኝ ብቻ እለዋለሁ። ይህም ጸሎት መሆኑን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሜሮን በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አዳማ ትመለሳለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እደውልላታለሁ። እርስዎ ባሉበት የሚጠበቅ ደብዳቤ፣ የሚታደስ ፈቃድ የለም። ፊቱን ያዩት ጌታ ያሳርፍዎ፤ ከእንግዲህ ምንም አይጠብቁም።