የፊሊፒንስ ቤት ተሸካሚዎችና የአባቴ ጥያቄ

ዛሬ አባቴ በፊሊፒንስ ፕሮፌሰር ፊት ጥናቴን አረሙት!

ስለ ፊሊፒንስ ገጠር ኑሮ የሠራሁትን የመመረቂያ ጥናት ገጠር ቤታችን ሆኜ በቪዲዮ ጥሪ ለፕሮፌሰሯ አቀረብኩ። አባቴ "ዝም ብዬ አያለሁ" ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። (ዝም ማለት እንደማይሆንላቸው ማወቅ ነበረብኝ።)

አንድ ፎቶ አሳየሁ። የመንደሩ ሰው ተባብሮ የጎረቤቱን የቀርከሃ ቤት እንዳለ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውራል።

"ባለቤቱ የታለ?" አሉ አባቴ።

እውነትም ከተሸካሚዎቹ መሃል የለም። እኔ ፎቶውን ሁለት ዓመት ሳየው ልብ አላልኩም።

"ደቦ የጠራ ሰው ጉድ ጉድ የሚለው ጓዳ ነው። ምን እንዳበላቸው ጻፊ እንጂ!"

እያፈርኩ ለፕሮፌሰሯ ተረጎምኩላቸው። ሳቁ።

"ልክ ናቸው፤ ባለቤቱ ለተሸካሚዎቹ ምግብ እያሰናዳ ነው። ጥናትሽ የጎደለው ይኸው ምዕራፍ ነው። እኚህ ምሁር የየት ዩኒቨርሲቲ ናቸው?"

"የመንዝ ገበሬ ናቸው። አባቴ ናቸው" አልኩ። ድምፄ ተቆራረጠ፤ በኔትወርኩ አሳበብኩ።

እናንተንስ ቀለም ያልቆጠሩ ወላጆቻችሁ ምን አርመዋችሁ ያውቃሉ? ጻፉልኝ፣ ለአባቴ አነብላቸዋለሁ። ስህተት ካገኙበት ግን ማረማቸው አይቀርም።