ለአባቴ የመረጥኩት ፍሪሲዮን

አባቴ ሠላሳ ምናምን ዓመት ከጎባ የሳነቴን ተራራ ተሻግረው አንገቱ ከሚባለው ቆላ ቡና በጭነት መኪና ሲያመላልሱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ለራሳቸው የገዙት አንድ የማይረባ ነገር ቢኖር ያቺ መኪና ናት። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ ስትነሳ ጀርባን ከወንበር የምታጣብቅ የጃፓን ስፖርት መኪና። ጎባ ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና ምን ይሠራል? ምንም። እሳቸው ግን በየማለዳው ሮቤ ድረስ ይነዷታል፤ ከጡረተኛ ጓደኞቻቸው ጋር ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ። በቃ፣ የቀራቸው ደስታ ይኸው ነበር። ያደረግኩትን ያደረግኩት ይህን እያወቅኩ ነው።

ችግሩ ዓይናቸው ነበር። ግራ ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቷል፤ ነርስ ስለሆንኩ ማንም እስኪነግረኝ አልጠበቅኩም። አንድ ጊዜ ደፍሬ «አባባ፣ ዓይንዎን ቢታዩስ?» ብላቸው ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ። ከዚያ ሮቤ መግቢያ ላይ አንዲት ሴት የተቀመጠችበትን ጋሪ ለጥቂት ሳቱት። ጋሪውን ጭራሽ አላዩትም። ሰው ሁሉ ለእኔ ሊነግር መጣ፤ ለእሳቸው ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ጨዋነታችን እንዲህ ነው፤ ሽማግሌ ፊት ዝም፣ ከጀርባው ጉባኤ።

የመኪናዋ ፍሪሲዮን የተቃጠለው በዚያው ሰሞን ነው። አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድሜ ሁለት ዓይነት ገዝቶ ላከና «የሚስማማውን ምረጡ» አለ። ሮቤ ያለው መካኒክ ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ አሳየኝ።

«ይኼኛው ፋብሪካ መጀመሪያ እንደገጠመው ነው፣ ለስላሳ። ያኛው ለውድድር የተሠራ ነው። ሸራው ቶሎ አይቃጠልም፤ ግን ሞላው ጠንካራ ስለሆነ ፔዳሉ የወጣት እግር ይፈልጋል። ለፋዘር ለስላሳው ይሻላል።»

ለወንድሜ ደወልኩለት። ብዙ አላወራንም። «ከባዱ ከሆነ ራሳቸው ይተዉታል» አለኝ። «እኛ ምንም አላልናቸውም ማለት ነው።» እውነቱን ልናገርና ነገሩ ጣፈጠኝ። ማንም ክፉ ሳይናገር፣ ማንም ሳይቀየም፣ ፔዳሉ በእኛ ፋንታ ይናገርልናል። መካኒኩን «ከባዱን ግጠመው» አልኩት።

አባቴ ለውድድር የተሠራ መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «ኢንተላ ኮ! ልጄ ምርጡን መረጠችልኝ» ብለው እዚያው ጋራዡ በር ላይ መረቁኝ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መሬት መሬቱን ያያል። እኔ አሚን አልኩ።

በመጀመሪያው ቀን ሮቤ አስፋልት ላይ ሞተሩ ሦስት ጊዜ ጠፋባቸው፤ ከኋላ ያሉት ባጃጆች በጥሩምባ አጣደፏቸው። ሳምንት ያህል ታገሉ። ከመኪናዋ ሲወርዱ ጉልበታቸውን ይዘው ትንሽ ይቆማሉ፣ ሰው እንዳያያቸው ጎማ የሚያዩ ይመስላሉ። በስምንተኛው ቀን ቁልፉን ይዘው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«አንቺ ስትነጂያት ፔዳሉ ይከብድሻል?» አሉኝ።

እንዴት አይከብደኝ! የአርባ ዓመት ሴት ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምሠራው፤ እግሬ ደካማ አይደለም። ያንን ፔዳል ግን ግቢ ውስጥ መኪናዋን ሳንቀሳቅስ ጥርሴን ነክሼ ነው የምረግጠው። ይህን ብነግራቸው በማግስቱ መኪናዋን ጋራዥ ወስደው ለስላሳውን ያስገጥሙ ነበር።

«ኧረ አይከብደኝም» አልኩ።

«እንግዲያው ሚሊ ኮ ዱኤ» አሉ። እግሬ ሞተ ማለታቸው ነው። ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀምጠው ተነሱ።

ወንድሜ በስልክ «አየሽ?» አለኝ። እኔም ለጥቂት ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ከዚያ አባቴ ከዘራ ገዙ። ቀጥሎ ገበያ መውጣት ተዉ። አሁን ለቅሶ እንኳ «እግሬ አይችልልኝም» እያሉ ሰው ይልካሉ። እኔ መንዳቱን እንዲተዉ ነበር የፈለግኩት፤ እሳቸው መራመዱንም ተዉት። ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሙ እግራቸውን አጥፎ ዘርግቶ አየና «ለዕድሜዎ ግሩም እግር ነው» አላቸው። ስንወጣ ሳቁበት። «ልጅ ነው፣ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው። የእግሬን ነገር ፔዳሉ ነግሮኛል» አሉኝ። የዓይናቸውን ነገር ለሐኪሙ ማንሳት ነበረብኝ፤ እኔ ነርሷ እዚያው ቆሜ አላነሳሁም። ወሬው ከዓይን ተነስቶ ጋሪው ጋ፣ ከጋሪው ፍሪሲዮኑ ጋ እንዳይደርስ ፈራሁ።

አሁን ወደ ሥራ የምሄደው በእሷ ነው። ያዘዙኝ ራሳቸው ናቸው፤ መኪና ቆማ ስትበላሽ ማየት አይወዱም። ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይሸኙኛል። ባለፈው ግቢው በር ላይ ፍሪሲዮኑን ረግጬ መንገድ የሚያቋርጡ ከብቶች እስኪያልፉ ስጠብቅ፣ ጎረቤታችን «አከም ጂርቱ?» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ሲያልፍ አባቴ አስቆሙት።

«እያት» አሉት በከዘራቸው ወደ እኔ እያመለከቱ። «ያ የውድድር ፔዳል እኔን ጣለኝ፤ ልጄ እንደ ጨዋታ ትረግጠዋለች። አልሃምዱሊላህ፣ እግሬን ለእሷ ሰጥቶልኛል።»

ጭኔ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ፈገግ አልኩላቸውና ማርሽ አስገባሁ።