ቁርቁራው ሥር የተሰመረው የመኪና ቦታ

አሁን ሻይ የማፈላበት ቢሮ ድሮ በቤት ሠራተኝነት የኖርኩበት ቤት ነው። በዓረብ አገር፣ ከአል ዋክራ ከተማ ወጣ ብሎ የአሠሪዬ የባባ እርሻ ነበር፤ ተምር፣ ፍየል፣ የውኃ ሞተር፣ መሃሉ ላይ ትልቁ ቤት። ባባና እናታቸው ከሞቱ በኋላ ልጆቹ ከተማ ገቡ፤ እርሻው ደረቀ። ከዚያ የመጨረሻው ልጅ ቤቱን አድሶ፣ ዙሪያውን መስታወት በመስታወት የሆኑ ሕንፃዎች ሠርቶ ለኩባንያዎች አከራየው። እኔንም "ማማ፣ የት ትሄጃለሽ? እዚሁ ሥሪ" አለኝ። አገር ቤት ያለችው የልጅ ልጄ ገና እየተማረች ስለነበር እሺ አልኩ።

መግቢያው ላይ በትልቅ ስክሪን የግቢው ታሪክ ይታያል። ባባ አሉበት፣ ፈረሶቻቸው አሉበት። ግቢው ውስጥ ያለው የቁርቁራ ዛፍ ግን የለበትም። ዓረቦቹ ሲድር ይሉታል። ድሮ ዓርብ ከሶላት መልስ የባባ እናት ከዛፉ ሥር ይቀመጡና ሩዙ በአንድ ትልቅ ትሪ ይመጣል፤ ሹፌሩም፣ አትክልተኛውም፣ እኛ የቤት ሠራተኞችም አብረን እንበላ ነበር። ደግ ቤት ነበር ማለቴ አይደለም። ቤት ውስጥ የበላሁት ማድ ቤት ቆሜ ነው፤ የባባ ሚስት ማዳምም ስትጮህብኝ ትውል ነበር። ዛፉ ሥር ግን የሚሠራው የአሮጊቷ ሕግ ነበር።

ግቢው ቢሮ ከሆነ በኋላም ጽዳት የሚሠሩት የአገሬ ልጆች ምሳቸውን እዚያ ይበሉ ነበር። አንድ ቀን አዲሱ የሕንፃው ማኔጀር የዛፉን ሥር ድንጋይ አስነጥፎ በነጭ ቀለም አሰመረው። የራሱ መኪና ማቆሚያ ሆነ። ልጆቹ ወደ ዕቃ ክፍል ተላኩ፤ በበረኪና ጠርሙሶች መሃል ተቀምጠው መብላት ጀመሩ።

ሄድኩበት።

"ማማ፣ መኪናዬን ፀሐይ ይጎዳታል" አለኝ።

"ሰውንስ?"

"ክፍል ሰጥቻቸዋለሁ።"

"አንተ ገብተህ በልተህበታል?"

ስልኩን አነሳ። ኸላስ፣ አበቃ፣ ውጪ ማለቱ ነው።

በማግስቱ እሱ ለስብሰባ ሲወጣ ጠብቄ ምንጣፌን መስመሩ መሃል ዘረጋሁ፤ ምሳዬን ከፈትኩ። አንዷ ልጅ እየሮጠች መጣች።

"እማማ፣ በእግዚአብሔር ይነሱ! የመኖሪያ ኢቃማችንን ያሰርዙብናል!"

"አንቺ ግቢ። አላየሽኝም።"

"እንዴት አላይዎትም፣ መንገዱን ዘግተው!"

መኪናው መጣ። ጥሩንባው ጮኸ። እኔ አላምጣለሁ። ማኔጀሩ ፊቱ ቀልቶ ወረደና ለግቢው ባለቤት ደወለ።

የባባ የመጨረሻው ልጅ መጣ። አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው፤ ኢቃማዬም በእሱ እጅ ነው። ቢፈልግ አውሮፕላን ላይ አስቀምጦ ይሸኘኛል። ያንን አውቄ ነው የተቀመጥኩት።

"ማማ፣ በዚህ ዕድሜሽ መኪና ማገት ጀመርሽ?"

"ምሳ እየበላሁ ነው።"

"ላንቺ ኤሲ ያለው ጥሩ ክፍል እሰጥሻለሁ። ያላ፣ ተነሺ።"

"ለራሴ አልጠየቅኩህም። ልጆቹ የሚበሉበት ክፍል ግባ፤ በሩን ዝጋ። ከዚያ መጥተህ ተነሺ በለኝ።"

ሄደ። ብዙ አልቆየም፤ በነጭ ሻሹ አፍንጫውን ይዞ እያሳለ ተመለሰ። ወደ ማኔጀሩ ዞረና "መኪናህን ከሌሎቹ ጋር አቁም" አለው።

ልጆቹ ግን ቶሎ አላመኑም። የተወሰኑ ቀናት ብቻዬን በላሁ። ከዚያ ያቺ የሮጠችው ሳህኗን ይዛ መጣች፤ ቀስ በቀስም ሁሉም መጡ። ጿሚዎቹ በአንድ በኩል፣ ጴንጤዎቹ በሌላ በኩል ይቀመጡና ስለ ጾም ይከራከራሉ፤ ሽሮው መሃል ላይ ነው፣ ከሁለቱም ወገን እጅ ይገባበታል።

ባለፈው ሳምንት ማኔጀሩ ሳንድዊቹን ይዞ ጥላው ዳር ቆመ። ልጆቹ ወደ እኔ ዞሩ።

"እማማ፣ እሱንም እናስቀምጠው?" አለችኝ ያቺው ልጅ።

"ጥላው የእኔ አይደለም" አልኳት። "ጫማውን ያውልቅና ይቀመጥ።"

ጠጋ ጠጋ አሉለት።