ሁለት የፖስታ ሳጥን ለአንድ በር

በትንሿ ከተማችን በሄዝል ፎርድ፣ በወፍጮ መንገድ ላይ ካለችው ነጭ ቤት ፊት ለፊት ሁለት የፖስታ ሳጥኖች ቆመው ነበር። አንዱ «12» ይላል፤ ሌላው «12½»። ቤቷ ግን አንድ በር፣ አንድ ማድ ቤትና አንድ የጢስ መውጫ ነው ያላት። ከማዶ ስላደግኩ፣ በልጅነቴ ያ ተኩል የሚባለው ቤት የት እንዳለ ለማወቅ ጓሮውን ዞሬ ፈልጌአለሁ። ያገኘሁት የቲማቲም መደብና የዶሮ ቆጥ ነበር።

በአሥራ ሁለት ቁጥር ኦፓል ስቲልትነር ትኖራለች፤ በአሥራ ሁለት ተኩል ዊላ ማክቪ። ይህ ለፖስተኛው ነው። ከተማው የሚያውቀውን ያውቅ ነበር፤ ግን አይናገረውም። እኛ ጋ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ስም ያልተሰጠው ነገር ይታለፋል። ስም የተሰጠው ዕለት ግን ሁሉም ሰው ወይ ወዲህ ወይ ወዲያ መቆም ግዴታው ይሆናል።

ኦፓል ወጣትነቷንም ጎልማሳነቷንም የጨረሰችው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ነው። ከሸለቆው እስከ ተራራው ራስ ድረስ ከእርሷ አውቶቡስ ያልወረደ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ፖሊሱም፣ ሥጋ ቆራጩም፣ የባንኩ ሰውዬም እርሷ ያመላለሰቻቸው ናቸው። አንድ ሕግ ብቻ ነበራት፤ «ጎማ እየዞረ ማንም አይቆምም።» አትጮህም። በመስታወቱ ውስጥ ታይሃለች፤ ያኔ ትቀመጣለህ። ጡረታ ከወጣች በኋላም ሱቅ ውስጥ ሲያገኟት ወንበር የሚፈልጉ ትልልቅ ሰዎች አሉ።

ዊላ ሌላ ናት። በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ትጫወታለች። ኦርጋኑ የተቀመጠው ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ስለሆነ ምእመኑ የሚያውቀው ጀርባዋንና የታሰረ ሽበቷን ነው። እርሷም ምእመኑን የምታውቀው በሳሉ ድምፅ ነው። «ሃዋርድ ዛሬም መጥቷል፤ ጉንፋኑ አለቀቀውም» ትላለች ሳትዞር። ሰው ፊት ከመናገር ጥርሷን መነቀል ትመርጣለች።

ሁለተኛውን ሳጥን ያቆሙት የቤቱ ባለቤት አሮጊቷ ሚስስ ጄንትሪ ናቸው። ዊላ ሻንጣዋን ይዛ የገባች ሰሞን ምሰሶና መዶሻ ይዘው መጡና፣ «ሰው ሳጥን ያነባል፤ እንግዲህ ያንብብ» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ ትንፍሽ አላሉም። ለገና የሚልኩት ኬክ ግን ሁልጊዜ ለሁለቱ አንድ ነበር።

ሚስስ ጄንትሪ በመኸር ሞቱ፤ ቤቱም ለወንድማቸው ልጅ ለድዋይት ደረሰ። ድዋይት የሚኖረው ከወንዙ ማዶ፣ ከከተማው ክልል ውጭ ነው። አንድ ቅዳሜ ኮፍያውን አውልቆ ማድ ቤቱ ውስጥ ቆመ። ተቀመጥ ቢሉት አልተቀመጠም።

«ውሉ ላይ ያለው የእርስዎ ስም ብቻ ነው፣ ሚስ ስቲልትነር» አለ።

«አዎ።»

«ሳጥኑ ግን ሁለት ነው። እኔ የማከራየው ለአንድ ቤተሰብ ነው። ሌላዋ ሴትዮ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ድረስ ሌላ ቦታ ትፈልግ።»

ኦፓል «እኛ እኮ አንድ ቤተሰብ ነን» ልትል አፏን ከፈተች። ዊላ ከምድጃው አጠገብ ሆና አየቻት። ኦፓል አፏን መልሳ ዘጋች።

ድዋይት ይህን አየ። «የሰማሁት ነገር አለ» አለ፣ ኮፍያውን እያሽከረከረ። «ክፉ ሰው አይደለሁም። ግን በአክስቴ ቤት ውስጥ አልፈልገውም።»

ሲወጣ ሁለቱም መስኮቱ ጋ ቆመው ሳጥኖቹን ተመለከቱ። ያን ሁሉ ዘመን የሸፈናቸው ሳጥን አሁን ምስክር ሆኖ ቆሞባቸው ነበር።

ያኔ በእኛ ክፍለ ግዛት ሁለት ሴቶች በሕግ መጋባት አይችሉም ነበር። ከቤት ቢባረሩም የሚጠይቅላቸው አልነበረም። ይህን የነገረቻቸው ጆሲ ናት። ጆሲ በክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ በቻርልስተን፣ ከአንድ ጫማ ሰፊ ሱቅ በላይ ቢሮ ካለው የክፍለ ግዛቱ የእኩልነት ማኅበር የመጣች ልጅ ነበረች። የመኪናዋ በር በገመድ የታሰረ ነው። ማኅበሩ በየዓመቱ መጨረሻ ሰዎቹን ራት ይጠራና፣ በዚያ ዓመት ተመሳሳይ ፆታ ያላቸውን የሚያፈቅሩትንና ፆታቸውን የለወጡትን ከሥራና ከቤት እንዳይባረሩ የሚጠብቅ ደንብ ያወጡትን ከተሞች ስም ያነብባል። ስሙ የተጠራ ከተማ ሰዎች ይነሣሉ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የተጠራው የአንዲት ከተማ ስም ብቻ ነበር። ከዚያም በፊት በነበረው ደግሞ ማንም አልተነሣም፤ ዝም ብለው ራታቸውን በልተው ተለያዩ ይባላል።

«የክፍለ ግዛቱ ሕግ ድዋይትን አይዘውም» አለች ጆሲ። «ከተማው ራሱ ደንብ ካወጣ ግን በዚህ ምክንያት ሊያስወጣችሁ አይችልም።»

«ከተማው ማለት እኮ አምስት የምክር ቤት ሰው ነው» አለች ኦፓል። «የአምስቱንም ንፍጥ ጠርጌአለሁ።»

ከአምስቱ ሁለቱ ይደግፋሉ፤ ሁለቱ ይቃወማሉ። ነገሩ ያለው በዴንቨር ሊሊ እጅ ነበር። ዴንቨር የብረታ ብረትና የመሣሪያ ሱቅ አለው፤ ሚዛን ላይ ያላስቀመጠውን ነገር የማይናገር ሰው ነው። በልጅነቱ በኦፓል አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ መሄድ የሚወድ እርሱ ነበር።

በምክር ቤታችን አንድ ደንብ በሁለት ስብሰባ ይታያል። ለመናገር የሚነሣ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ስሙንና አድራሻውን ይናገራል። ከንቲባው የገዛ ወንድሙ ቢነሣ እንኳ ሳይጠይቅ አያልፍም።

በመጀመሪያው ስብሰባ ኦፓል ተነሣች። «ኦፓል ስቲልትነር፤ የወፍጮ መንገድ አሥራ ሁለት» ብላ ጀመረች። ጥሩ ተናገረች። አውቶቡሷ ውስጥ ይደበደቡ ስለነበሩ ልጆች፣ አድገው ከዚህ ስለሸሹት፣ ስለ ፍትሕ፣ ስለ «ሰዎች» ተናገረች። ስትጨርስ ዴንቨር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሚስ ኦፓል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ቻርልስተን ይኖሩ ይሆናል። እዚህ ግን ‹ከቤቴ ልወጣ ነው› ብሎ የመጣብኝ አንድ ሰው የለም። ያልተቦረቦረ መንገድ ልጠግን?»

ኦፓል ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችውን ዊላን አየች። ዊላ እጆቿን ትመለከታለች። «ሌላ የምለው የለኝም» አለችና ተቀመጠች። ጉዳዩ ለሚያዝያ ተላለፈ። ጆሲ መኪናዋ ውስጥ ገብታ አገጯን መሪው ላይ ስታሳርፍ አየኋት።

በመካከሉ የእሳት አደጋ ጣቢያው የጸደይ ራት ደረሰ። የዚያን ጊዜ መላው ከተማ ከጫካ የተለቀመውን የዱር ነጭ ሽንኩርት ከድንችና ከአሳማ ሥጋ ጋር ይበላል። ሽታው ለቀናት ከሰው አይወጣም፤ ድሮ ልጆች በጠረኑ ምክንያት ከክፍል ይባረሩ ነበር። ኦፓል ግን ከአውቶቡሷ አንድም ልጅ አስወርዳ አታውቅም። «ሁላችንም ከበላን ማን ማንን ይሸተዋል?» ትል ነበር።

ዴንቨር ሳህኑን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ተቆጡኝ እንዴ?»

«አንተ ልጅ፣ ሰው ምስማር ሊገዛ ሲመጣ ለምን እንደሆነ ትጠይቀዋለህ?»

«እንዴታ! ግድግዳው እንጨት ነው ሲሚንቶ ብዬ እጠይቃለሁ። አለዚያ ምስማሩ ይጣመምና ነገ እኔው ላይ ይመለሳል።»

ኦፓል ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ጠፋ። «ብነግርህ ደስ ይለኝ ነበር። ግን የእኔ ብቻ አይደለም።»

ዴንቨር ቀና አለ። ከማዶ ዊላ ለሰው ባቄላ ትጨልፋለች። አያትና ዓይኑን ወደ ሳህኑ መለሰ።

«እኔስ ገብቶኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «የእኔ መገመት ግን አይበቃም፣ ሚስ ኦፓል። ነገ ሱቄ መጥተው ለምን ደገፍክ ሲሉኝ፣ ጠርጥሬ ነው ልበላቸው?»

ይህን ኦፓል በማግስቱ ድስት እያጠቡ ለዊላ ነገረቻት። በኋላ እንዳወራችልኝ፣ ዊላ ያንኑ ድስት ደጋግማ ታሽ ነበር።

«ኦርጋኑን ቢወስዱብኝስ?» አለች ዊላ።

«ሊወስዱት ይችላሉ። አልዋሽሽም።»

«አንቺ ብትናገሪስ? ስለ ራስሽ ብቻ።»

«ስለ ራሴ ብቻ የሚባል ነገር አለኝ እንዴ፣ ማሬ? አሥራ ሁለት ቁጥር ውስጥ ማን ጋር ነው የምኖረው ልበል? ከዶሮዎቹ ጋር?» ኦፓል ፎጣውን አስቀመጠች። «አትናገሪ ካልሽኝ አልናገርም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዕቃችንን አብረን እንጭናለን። አንቺ የወጣሽበት ቤት ውስጥ አልቀርም።»

ዊላ ድስቱን አጥባ ሰቀለችው።

በሚያዝያው ስብሰባ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ አሁንም በነጭ ሽንኩርት ይሸት ነበር። ድዋይት በሩ አጠገብ ቆሟል። ከንቲባው «የሚናገር አለ?» ሲል ኦፓል ከወንበሯ ልትነሣ ስትሞክር አንድ እጅ ትከሻዋን ጫን አድርጎ መለሳት። የዊላ እጅ ነበር።

ዊላ ወደ ፊት ሄደችና እንደ ልማዷ ጀርባዋን ለሕዝቡ ሰጥታ ቆመች። የሆነ ነገር ተናገረች፤ ማንም አልሰማትም።

«ሚስ ዊላ፣ አይሰማም እኮ» አለ ከንቲባው።

ዞረች። ያን ያህል ዘመን እሑድ እሑድ በኦርጋኗ የዘመርን ሰዎች ፊቷን እንዲህ አፈጥጠን አይተነው አናውቅም።

«ዊላ ማክቪ» አለች።

«አድራሻ?»

«የወፍጮ መንገድ፣ አሥራ ሁለት።»

የምክር ቤቱ ጸሐፊ ሊረዳት ፈልጎ፣ «ተኩል» አለ በሹክሹክታ።

«አይደለም። ተኩል የሚባል ቤት የለም፤ ኖሮም አያውቅም። የምኖረው ከኦፓል ጋር ነው፤ ወደዚህ ከተማ ከመጣሁባት ቀን ጀምሮ። እንደ ሰው ሁሉ ብንችል ኖሮ ድሮ እንጋባ ነበር። አሁን ከቤታችን ልንወጣ ነው።» ወደ ምክር ቤቱ ዞረች። «ዴንቨር፣ አንድ ሰው የለም ብለህ ነበር። አለሁ።»

ዊላ ወደ ቦታዋ መሄድ ያለባት አልመሰላትም። በዚህ መሀል ከኋላ የአንድ ሰው ሳል ተሰማ።

«ሃዋርድ፣ ሎሚና ማር ጠጣበት ብዬህ ነበር» አለች።

መጀመሪያ የሳቀው ራሱ ሃዋርድ ነው። ከዚያ ሳቁ ረድፍ በረድፍ ወደ ፊት መጣ፤ የሚቃወመው አንደኛው የምክር ቤት ሰው እንኳ አፉን በእጁ ሸፈነ። ኦፓል ግን አልሳቀችም። መሀረቧን ፍለጋ ኪሷን ሁሉ ትበረብር ነበር።

ዴንቨር ሊናገር ብድግ አለ። ዓይኑ ከኦፓል ዓይን ጋር ሲጋጭ ተመልሶ ተቀመጠ። «እንግዲህ ግድግዳውን አውቄዋለሁ» አለ። «እደግፋለሁ።» ደንቡ ሦስት ለሁለት አለፈ።

ሁሉም ነገር ማር ሆነ አልልም። ሁለት ቤተሰቦች ቤተ ክርስቲያን ቀየሩ። አንዲት የዊላ የድሮ ጓደኛ መንገድ ላይ ስታያት እስካሁን ትሻገራለች፤ ዊላም እስካሁን ሰላም ትላታለች። ፓስተሩ ቅዳሜ ማታ ሲያንኳኩ ዊላ የኦርጋኑን ቁልፍ ልትመልስ ይዛ ወጣች። እርሳቸው የጠየቋት ግን የነገው መዝሙር የትኛው እንደሆነ ብቻ ነበር። ቁልፉን እጇ ውስጥ አይተውት ይሁን አይሁን አልታወቀም።

ድዋይት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሁለቱ ስም ያለበት አዲስ ውል ይዞ መጣ። አልሳቀም፤ አልተቆጣም። ኦፓል ሁለተኛውን ምሰሶ ነቅላ አካፋዋን ተደግፋ ቆማ ነበር። ድዋይት ጉድጓዱን ተመለከተ።

«ድፈኑት» አለ። «ሰው እግሩን ይሰበርበታል።» አካፋውን ተቀብሏት ራሱ ደፈነው። ከዚያ ኮፍያውን አድርጎ ሄደ።

በዓመቱ መጨረሻ ለማኅበሩ ራት ወደ ቻርልስተን ሄድን። የኦፓል ዓይን በበረዶ ስለማያይ የነዳው ዴንቨር ነው፤ በአፏ የነዳችው ግን እርሷ ናት። «ፍሬን።» «ይዣለሁ፣ ሚስ ኦፓል።» «ቀስ ብለህ ያዝ፤ ድንች አይደለም የጫንከው።» እኔና ዊላ ከኋላ ነበርን።

አዳራሹ ትንሽ ነው፤ ዶሮው ደረቅ ነበር። ጆሲ የተሻለ ቀሚስ ለብሳ ከፊት ቆመች። «ዘንድሮ ሦስት ከተማ ሆነናል» አለች። «በዚህ አያያዝ ክፍለ ግዛቱን ለመጨረስ የልጅ ልጆቼ ያስፈልጉኛል፤ ስለዚህ ጠግባችሁ ብሉ።» ሰው ሳቀ። ከዚያ ስሞቹን ማንበብ ጀመረች። የእኛ መጨረሻ ላይ መጣ።

«ሄዝል ፎርድ።»

ዊላ ቀድማ ተነሣች። ኦፓል ጠረጴዛውን ተደግፋ ተከተለቻት። ዴንቨር ሹካውን እንደያዘ ቀረ፤ ጆሮው ቀልቷል። «እኔ እኮ…» አለ ለራሱ።

ኦፓል እንደ ድሮው፣ በመስታወት ውስጥ እንደምታየው አድርጋ አየችው።

«ዴንቨር፣ ተነሣ» አለች። «ጎማው ቆሟል።»

ተነሣ። ከጎኑ የነበርኩት እኔም ተነሣሁ።