የሰላሕ መርጃንና የአባቱ አሞሌ

ሰላሕ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነው። ሰቆጣ ገበያ አጠገብ ባለችው ሱቁ በርበሬ ሲመዝን ዓይኑ ሳሙናው ላይ ነው፤ ሳሙናውን ሲያስተካክል ሚዛኑ ትዝ ይለውና ይወለውላል፤ ደንበኛ ከጠፋ ደግሞ ተደርድሮ ያለቀውን ዕቃ አውርዶ እንደገና ይደረድራል። ሚስቱ ፋኢዛ «ይኼ ሰውዬ ሲቀበርም አፈሩን ሳያስተካክል አይተኛም» ትላለች። እውነቷን ነው።

እንዲህ ያለ ሰው የያዘው ጨዋታ ግን ዝም ብሎ ማየትን የሚጠይቅ ሆነ። በሱቁ ጓዳ የመስታወት ገንዳ አለው። በገንዳው የባሕር ውሃ፣ በውሃው ውስጥ ድንጋይ፣ በድንጋዩ ላይ መርጃን አለ። ስሙን ቁርኣን ሲቀራ ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ እሱ የሚያውቀው ግን የአንገት ጌጥ መሆኑን ነበር። ይኼኛው ሕይወት አለው። ሲያዩት ተክል ይመስላል፣ ነገሩ እንስሳ ነው፤ ከለስላሳ ግንዱ ጫፍ ትንንሽ እጆች አሉት፣ እጆቹም ቀኑን ሙሉ ይዘረጋሉ፣ ይጨበጣሉ፣ ይዘረጋሉ። ሰላሕ ገና ሲያየው ወደደው። ቢጤውን አገኘ።

የሰጠው ኪዳኑ ነው። ሁለቱ ሰቆጣ አንድ ክፍል የተማሩ ጓደኞች ናቸው፤ ኪዳኑ አሁን ደሴ ላብራቶሪ ውስጥ ይሠራል። እንዲህ ዓይነት ገንዳ ያላቸው ሰዎች በአገሩ ስንት ይሆናሉ? ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ተፈላልገው አንዲት የቴሌግራም ቡድን አቋቁመዋል። ሕጋቸው አጭር ነው፤ ቁራጭ አይሸጥም። አንዱ ከሌላው ቁራጭ ይቀበላል፣ ድንጋይ ላይ በክር ያስረዋል፣ ሲያድግለት ቆርጦ ለሌላ ይሰጣል። የሰጪው ከሞተበት ደግሞ የተቀበለው መልሶ ይሰጠዋል። ከመካከላቸው ባሕርን በዓይኑ ያየ ጥቂት ነው፤ ሰላሕም አላየም።

ባሕር ባያይ ጨው ያውቃል። አያቱም አባቱም የአሞሌ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ከአፋር በግመል የሚመጣውን ተቀብለው ለዋግ ገበያዎች ያከፋፍሉ ነበር። አባቱ ሲሞቱ የተውለት አንድ ያልተነካ አሞሌ በሰሌን ተጠቅልሎ ከመደርደሪያው አናት ተቀምጧል። ሰው ሲጠይቀው ደረቱን ነፋ አድርጎ «የአባቴ ነው፣ አይሸጥም» ይላል።

ነገሩ የተበላሸው ኪዳኑ በደወለ ጊዜ ነው። ለሠርግ ገጠር በወረደበት መብራት ጠፍቶ፣ የውሃው ሞተር ቆሞ፣ መርጃኑ በሙሉ አልቆበታል።

«ያንተ አለ አይደል?» አለው። «ለሌሎች የሰጠሁትም ሞቶባቸዋል። ከዚያ ዘር የቀረው ያንተ ብቻ ነው።»

«አለ እንጂ! ወላሂ፣ የሰጠኸኝን እጥፍ አድርጌ ነው የምልክልህ።»

«እጥፉ ይቅርብኝ፣ አንድ ቁራጭ ላክ። አትነካካው ብቻ።»

አትነካካው! ሰላሕን? ለጓደኛው የሚልከው ቁራጭ የፈካ እንዲሆን ፈለገ፤ ለዚህም ውሃው መለወጥ አለበት ብሎ ወሰነ። ውሃው የሚለወጠው ከውጭ በሚመጣ የባሕር ጨው ነው፣ እሱ ደግሞ አልቋል። ከዱባይ የሚያመጣላቸው ሰው ስለቀረ ከኪዳኑም፣ ከሌሎቹም ቤት የለም። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠብቅ ነበር። ሰላሕ ግን ገንዳውን ዞረ፣ ወጣ፣ ገባ፣ መጨረሻ ላይ ዓይኑ መደርደሪያው አናት ላይ አረፈ። አሞሌውም እኮ ድሮ ባሕር ነበር፤ አባቱ እንደዚያ ብለው ነግረውታል። የፈረንጅ ጨው ከአባቱ ጨው በምን ይበልጣል?

ሰሌኑን ፈታ። አሞሌውን አገላብጦ አየው፣ ፈለጠው። አጣርቶ ባስቀመጠው የዝናብ ውሃ አሟሟው፤ የጨው መለኪያውን ቢነክርበት ልክ የባሕር ውሃ የሚያሳየውን አሳየው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? አሮጌውን ውሃ ከሞላ ጎደል ቀድቶ አወጣና በአባቱ ጨው ተካው። ባዶውን ሰሌን ግን ጠቅልሎ ወደ ቦታው መለሰው። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ራሱን አልጠየቀም።

በማግስቱ የመርጃኑ እጆች ቀስ አሉ። ውለው አድረው ብዙዎቹ ተጨብጠው ቀሩ፤ ግንዱ ገረጣ፣ ጫፉም ይሟሟ ጀመር። ሰላሕ መብራቱን ዝቅ አደረገ፣ ከፍ አደረገ፣ ሞተሩን ፈትቶ ገጠመ፣ ለሞተሩ መብራት የሚሰጠውን ሶላር ሊያይ ጣሪያ ላይ ወጣ። ስኳር ለጠየቀው ሰው ምስር መዘነለት። ፈርቷል። የገንዳው ነገር አንድ ነው፤ ኪዳኑ ምን ይለኛል የሚለው ግን እህል አላስቀምስ አለው።

«ምን ጨመርክበት?» አለው ኪዳኑ በስልክ።

«ምንም።»

«ውሃ አልለወጥክም?»

«በምን ጨው ብዬ?»

እንግዲህ ይኼ ውሸት ነው፣ በጥያቄ መልክ ቢቀርብም። ኪዳኑ አመነውና መብራት በዝቶበት ይሆናል፣ ገንዳውን በጨርቅ ሸፍነው አለ። ሸፈነው። መርጃኑ ባሰበት።

ፋኢዛ የመደርደሪያውን አቧራ ልታራግፍ ሰሌኑን ብድግ ብታደርገው ቀለላት። ባሏን አየች፣ ገንዳውን አየች።

«የአባትህን አሞሌ ለዓሣ አበላኸው?»

«ዓሣ አይደለም።»

«ምንም ይሁን። ለኪዳኑ ነግረኸዋል?»

ሰላሕ ሚዛኑን አንስቶ መወልወል ጀመረ። ጨርቁን ከእጁ ነጠቀችው።

«ሐኪም ፊት ቁጭ ብሎ ሕመሙን የሚደብቅ በሽተኛ አለ? ሰውዬው ከደሴ ሆኖ በጨለማ ነው እኮ የሚያክምልህ። ደውል!»

ደወለ። አሞሌውን፣ መለኪያውን፣ ባዶ ሰሌን መጠቅለሉን እንኳ ሳያስቀር ነገረው።

«ጨውስ ጨው ነው፣ ሰላሕ። ባሕር ግን ጨው ብቻ አይደለም፤ መርጃኑ የሚኖርበት ሌላ ብዙ ነገር አለው፣ አሞሌው ውስጥ ያ የለም። ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» ድምፁ ውስጥ ቁጣም ድካምም ነበረ። «የሚንቀሳቀስ ቀርቷል?»

«ጥግ ላይ ትንሽ አለ።»

«እሱን ሁሉ ቁረጥና ላክልኝ። ከሁለታችን ደኅና ውሃ ያለው አሁን የእኔ ገንዳ ነው።»

«ሁሉን?»

«ሁሉን። እዚያ ያስቀረኸው ይሞታል።»

ሰላሕ መቀሱን ይዞ ገንዳው ፊት ቆመ። ያ የማያርፍ እጅ እምቢ አለው። ከቆረጠ ጓዳው ባዶ ይቀራል፤ መንገድ ላይ ከሞተም ዘሩ ያበቃል። ፋኢዛ ከጎኑ መጥታ «ቢስሚላህ በልና ቁረጥ» አለችው። ቆረጠ። ቁራጩን በምን ውሃ እንደሚልከው ግን አላሰበም ነበር። ደግነቱ ፋኢዛ የምትጥለው ነገር የላትም፤ ያን አሮጌ ውሃ ለግቢው አረም ማድረቂያ ብላ በጄሪካን አኑራው ኖሯል፣ አብዛኛውን አፍስሳው ጥቂት ተርፏል። ፔርሙዝ ሞላ።

ወደ ደሴ የሚሄደው መኪና ሾፌር ቢያዝን ይባላል። ፔርሙዙን ተቀብሎ ነቀነቀው።

«ኧረ አትነቅንቀው!»

«ጠበል ነው እንዴ፣ ጋሽ ሰላሕ?»

«ባሕር ነው።»

«ባሕር በፔርሙዝ!» ብሎ ሳቀ ቢያዝን፤ የሰላሕን ፊት ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠና ዕቃውን ከመቀመጫው አጠገብ በጋቢ ጠቅልሎ አስቀመጠው።

ያን ቀን ሰላሕ ሱቁን ከፍቶ ነበር ለማለት ያስቸግራል። «የት ደረስክ?» እያለ ሲደውልበት ቢያዝን መጨረሻ ላይ ስልኩን ዘጋበት። ደሴ ሲገባ ኪዳኑ ተቀበለው። ገንዳው ውስጥ አስገባሁት፣ እጆቹ ግን ተጨብጠዋል አለ። ከዚያ ወዲያ ጠፋ። ሰላሕ ሊደውል ያነሳል፣ ያስቀምጣል። በጓዳው የቀረው መርጃን በዚያው ሟሙቶ አለቀ፤ ድንጋዩን ብቻ ትቶ።

በገበያው ቀን፣ ሱቁ በሰው ተጨናንቆ ሳለ፣ ስልኩ ጮኸ። ቪዲዮ ነው። የኪዳኑ ገንዳ፣ ድንጋይ፣ በክር የታሰረ ትንሽ ግንድ። መጀመሪያ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ አንዷ እጅ ቀስ ብላ ተዘረጋች። ተጨበጠች። አጠገቧ ያለችውም ተከተለቻት። ከሥሩ ኪዳኑ «ሲያድግ ግማሹ ያንተ ነው። እስከዚያ አደራ፣ ገንዳውን አትንካ» ብሎ ጽፏል።

ጨው ሊገዙ የመጡት እማሆይ ወለተ ገብርኤል መዳፋቸውን ባንኮኒው ላይ አሳርፈው ይጠብቃሉ። ሰላሕ አላያቸውም። ቀኝ እጁ ባንኮኒው ላይ ይዘረጋል፣ ይጨበጣል፣ ይዘረጋል።

«ልጄ፣ እጅህን ምን ነካው?» አሉት ደንግጠው።

«ደኅና ነው፣ እማሆይ» አለ ሰላሕ፤ እንባው እየመጣበት ነበር። «ድኗል።»