ከጨንቻ በላይ የተውኩት ቤት

ሶዶ፣ ማለዳ

ከሶዶ የተነሣሁት አንድ ወሬ እንቅልፍ ስለነሣኝ ነው። ከጨንቻ ቡሉኮ እያመጣ የሚሸጥ ነጋዴ የአናጢ ቤቴ ደጃፍ ላይ አረፍ ብሎ ሲያወጋ፣ "ያ የካቶሊኮቹ ጸሎት ቤት የነበረበት ቦታ እኮ አሁን ባዶ ሜዳ ነው" አለኝ። እሱ የገበያ ወሬ እንዳወራ ሰው ተነሥቶ ሄደ። እኔ መጋዙን አስቀምጬ እዚያው ቀረሁ።

በወጣትነቴ ከጨንቻ በላይ ባለች አንዲት የደጋ መንደር ስምንት ዓመት ትምህርተ ክርስቶስ አስተምሬያለሁ። ጸሎት ቤቱንም ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሆኜ ሠርቻለሁ። ከዚያ ወዲህ አግብቼ፣ ሶዶ ወርጄ፣ ልጆች ወልጄ፣ ጸጉሬ ሸብቷል። የበኩር ልጄ እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ይልቅ የቀበሌ ስብሰባ ይቀናዋል። ሴቷ ልጄ ማርታ ደግሞ ጴንጤ ከሆነች ዓመት አልፏታል። ማታ መቁጠሪያዬን ይዤ ስንበረከክ እሷ ሹልክ ብላ ትወጣለች፤ እኔም ያላየሁ እመስላለሁ። እንግዲህ "ጴጥሮስ፣ እምነትህን ለማን አወረስክ?" ብሎ የሚጠይቀኝ ቢመጣ የማሳየው ያንን የደጋ ጸሎት ቤት ብቻ ነበር። እሱ ከፈረሰ ባዶ እጄን ቀረሁ ማለት ነው።

ለቀበሌው "የክርስትና ልጆቼን ልጠይቅ ነው" ብዬ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ። ውሸት አይደለም፣ እዚያ ብዙ የክርስትና ልጆች አሉኝ። ባለቤቴ ስንቅ እየቋጠረች "ሜዳ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ?" አለችኝ። ማርታ ደግሞ ወፍራሙን ሹራቤን አጥፋ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችልኝ።

ምዕራብ ዓባያ

መንገዱ ጠጠር ነው። አውቶቡሱ አቧራውን በስተኋላ ትቶ ይሄዳል ይባላል እንጂ የእኛው ግማሹን ይዞልን ይሄድ ነበር። ምዕራብ ዓባያ ሳንደርስ ኬላ ላይ ወረድንና ዕቃችን ተፈተሸ። ወታደሩ ከቦርሳዬ መቁጠሪያውን አወጣ።

"ይሄ ምንድነው?"

"መቁጠሪያ ነው ልጄ።"

ገልበጥ አድርጎ አየው። "የእናቴ ከዚህ ይረዝማል" አለና መልሶ ሹራቡ ውስጥ ሸጎጠው። "ግቡ አባቴ።"

ከዚያ በኋላ ሐይቁ በግራችን ብቅ አለ። የዓባያ ውኃ ቀይ ነው፣ እግር የታጠቡበት ይመስላል። ላንቴ ስንደርስ ሴቶች የሙዝ እጅ እያንጠለጠሉ መስኮቱ ሥር ተሰለፉ። አንዱን እጅ በሃምሳ ሳንቲም ገዝቼ አጠገቤ ለተቀመጡት ሁሉ አደልኩ። ለካስ የከፋው ሰው ቸር ይሆናል።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር አደርኩ። የአሳ ጥብስ አቀረቡልኝ፤ እንደ ሌላ ጊዜ ቢሆን አጥንቱን ሳይቀር እግጠው ነበር። ሙቀቱና ትንኙ ተባብረው እስኪነጋ ሲያገላብጡኝ አደሩ።

ሽቅብ

ጠዋት ጨው የጫነ መኪና ላይ ወጣሁ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ሲወጣ የአርባ ምንጭ ሁለቱ ሐይቆች ከታች ቀሩ፣ ሙቀቱም ከእነሱ ጋር ቀረ። ጉም ውስጥ ስንገባ ሹራቤን አውጥቼ ለበስኩ። ማርታን ሳላስበው መረቅኳት፤ ከዚያ ትታኝ ወደነዚያ ጴንጤዎች የሄደች መሆኗ ትዝ ብሎኝ ምርቃቱን በግማሽ ቀነስኩ። እንዲህ ያለ ክፉ ሽማግሌ ነኝ።

ከጨንቻ ወዲያ ያለው መንገድ በእግር ነው። በእንሰቱና በቀርከሃው መሀል ስወጣ "ፈርሷል" ቢሉኝ ምን እንደምመልስ ለራሴ እለማመድ ነበር። "የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው" እላለሁ ብዬ ወሰንኩ። ጥሩ መልስ ነው፤ ችግሩ አላመንኩበትም።

ሜዳው

ነጋዴው አልዋሸም። ጸሎት ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ ሣር ብቻ ነው። በዳር በኩል የስብሰባ መጥሪያ የሚሆን የመኪና ቸርኬ በእንጨት ላይ ተንጠልጥሏል። ቀረብ ስል የቤቱ ክብ ምልክት ሣሩ ላይ አሁንም ይታያል፤ ክቡ መሀል ገብቼ ቆምኩ። በሩ በየት በኩል እንደነበረ፣ ሕፃናቱ የት እንደሚቀመጡ አውቃለሁ። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

"መምህር? አንተ ነህ?"

ዞር ስል አቶ ቶማ ነው። ያኔ ጸሎት ቤቱን አብሮኝ የሠራው፣ የመንደሩ ሽማግሌ። ሸብቷል፣ ጎብጧል፤ ሳቁ ግን የድሮው ነው።

"ቤቱን ፈልጌ መጥቼ ነው" አልኩት።

"እዚህ የለችም" አለ ቶማ፤ በአማርኛው ቤት አንዴ ሴት አንዴ ወንድ ነው። "ሄደ።"

"ፈርሶ?"

"ለምን ይፈርሳል? ሰው ተሸክሞ ሄደ። ና፣ ከእኔ ጓሮ ነው።"

ይህን ጊዜ ነው ራሴን በመዶሻ መምታት ያማረኝ። በዚያ አገር ቤት እንደ ቅርጫት ከቀርከሃ ተጠልፎ ነው የሚሠራው። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው አያፈርሱትም፤ ጎረቤት ይጠራና በአግዳሚ እንጨት አንሥቶ ሌላ ቦታ ያቆመዋል። እኔ ራሴ በስምንቱ ዓመት ስንቱን ቤት ተሸክሜያለሁ። ግን ይህ ለሰው ቤት እንጂ ለእግዚአብሔር ቤት የሚሆን አልመሰለኝም ነበር።

ቶማ ከፊት ከፊት እየሄደ ነገረኝ። ከአብዮቱ በኋላ ቦታው ለስብሰባ ተፈለገ፤ ቤቱን አንሡ ተባለ። ቶማም ጸሎት ቤቱን የራሱ አስመስሎ ለመንደሩ "ቤቴን ምስጥ በላው፣ ነገ ኑ" ብሎ ጥሪ አስተላለፈ።

"ምስጥ ነበረው?"

"ምስጥ የሌለው ቤት የት አለ?" አለኝ።

"ማን መጣ ታዲያ?"

"ሁሉ መጣ። ቤት ሲነሣ ሰው እቤቱ አይቀመጥም፣ ነውር ነው። ኦርቶዶክሱ መጣ። ጴንጤው መጣ። ልጄ ታደሰ ጴንጤ ሆኗል፣ ታውቃለህ? እሱ ከፊት ያዘ። የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበሩም መጣ።"

"አንሡ ያለው ሊቀ መንበር?"

"ጎረቤት ነዋ። እሱ ከኋላ ያዘ።"

ከእንሰቱ ጀርባ ቤቱ ቆሟል። ከሌሎቹ ቤቶች የሚለየው የለም፣ ጣሪያው ላይ መስቀል የለም፣ በውስጡ የሚጨስ እሳት አለ። ቀጥ ብዬ ልገባ ስል ግንባሬን ከበሩ አጋጨሁ። ድሮ ሳልጎነበስ ነበር የምገባበት። ቶማ ሳቀብኝ፤ የተበላውን እግሩን ቆርጠው ስላነሡት ቤቱ አጥሯል።

ውስጥ ከድሮ የማውቃት አልማዝ የምትባል ባልቴት ትኖራለች። ሰው ስለሚኖርበት ማንም ጸሎት ቤት ነው ብሎ አይነካውም። ሕፃናቱን አስቀምጥበት የነበረው ቦታ ላይ ጥጃ ታስራለች። የጣሪያው መስቀል ከውስጥ፣ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። አልማዝ የቡና ቅጠል በነጭ ሽንኩርት አፍልታ ከቆጮና ከዳጣ ጋር አቀረበችልኝ፤ ከሶዶ ከወጣሁ ጀምሮ የምበላው ነገር የጣመኝ ያን ጊዜ ነው።

"ያኔ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ካልሆነ ብዬ ስንት ተጨቃጨቅኩህ" አልኩት ቶማን። "እሺ ብትለኝ ኖሮ ዛሬ ምን ይተርፍ ነበር?"

"እኔም ቆርቆሮ ነበር የፈለግኩት" አለ ቶማ ቆጮውን እያላመጠ። "ብር ጠፍቶ ነው እንጂ።"

እሑድ

በነጋታው ሰዎቹ አንድ በአንድ መጡ፤ እንደ ጎረቤት ጠያቂ፣ አንዷ እሳት ልትጭር፣ አንዱ ጥጃዋን ሊያይ። ቄስ ስለሌለ መቁጠሪያ ደገምን። እኔ እጀምራለሁ ብዬ ስዘጋጅ አንዲት ልጃገረድ ቀደመችኝ። እኔ ስሄድ ያልተወለደች ናት። በጋሞኛ እኔ ባስተማርኩት ቃል "ሰላም ለኪ"ን ስትል፣ ሌሎቹ ሲቀበሏት፣ ደረቴ ላይ ተጭኖ የነበረው ድንጋይ ተነሣልኝ። አልማዝ ናት ያስተማረቻት። አልማዝን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ታደሰ ጓደኞቹን ይዞ መጣ። የእነሱ ጸሎት ቤት ስለታሸገ እዚሁ ነው የሚጸልዩት። እውነቱን ልናገር፣ አልደነቀኝም፣ አናደደኝ። ልወጣ ስነሣ ግን ታደሰ በሩ ላይ "መምህር፣ ግንባርህን ጠብቅ" ብሎ እጁን በግንባሬና በቀርከሃው መሀል አደረገልኝ። ይህን ቤት በትከሻው ያመጣው እሱ መሆኑን አሰብኩና ደጅ ሳልርቅ ተቀመጥኩ። መዝሙራቸው በቀርከሃው ቀዳዳ እየሾለከ ይሰማኝ ነበር።

ተመልሼ ሶዶ

ቁልቁለቱ ቀለለኝ፣ ሙቀቱም ደስ አለኝ፣ ሲቀላ የተውኩትን አሳም ስመለስ አካካስኩት። መንገዱን ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ሌሎች ያለ እኔ ተሸክመው እንደሚሄዱ ሳላውቅ፣ ያወረስኩት ነገር እንደተተከለ ይቆማል ብዬ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ለካ ውርስም በመንገድ ያጥራል፣ ጥጃም ይታሰርበታል።

በሩን የከፈተችልኝ ማርታ ናት። ፊቴን አየችና "አባዬ፣ አልፈረሰም?" አለች።

"አልፈረሰም። ጴንጤዎች ከፊት ይዘው አሻግረውታል።"

ቦርሳዬን ተቀበለችኝ።

ማታ መቁጠሪያዬን ይዤ ተንበረከክሁ። ማርታ አልወጣችም። ጸሎቱን አልተቀበለችኝም፣ ግን ግድግዳውን ተደግፋ እስከ መጨረሻው ተቀመጠች። እኔ ስጨርስ እሷ ቀስ ብላ ከመዝሙሮቻቸው አንዱን ጀመረች። በቀርከሃው ቀዳዳ የሰማሁት ዜማ ነበር። ጉልበቴ ቢያመኝም እስክትጨርስ አልተነሣሁም።